የማይሸጥ ወረቀት ገበያ

«በሕገወጥ መንገድ አትሰደዱ፤ በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» የሚለውን ምክር ቦንጋ ውስጥ ያልሰማ ወጣት የለም። በስብሰባ ይነገራል፣ በባነር ይሰቀላል፣ በሬዲዮ ይደገማል። ሲሰሙት ክፋት የለውም። እኔ ግን ይህ ምክር ልጆቻችንን ከአንዱ ደላላ አስጥሎ ለሌላው እያስረከበ ነው ባይ ነኝ። በመተማና በሞያሌ የሚያሻግረውን ደላላ ሁሉም ያውቀዋል፣ ይፈራዋልም። ሁለተኛው ግን ቢሮ አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ማኅተም ይመታል፤ የሚሸጠውም «የአውሮፓ ወርክ ፐርሚት» ነው። ደንበኛው ሕግ ለመጣስ የደፈረው ልጅ አይደለም፤ ምክሩን ከልቡ የተቀበለው ነው።

አካሄዱ የታወቀ ነው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፦ ፖላንድ፣ የመጋዘን ሥራ፣ ትምህርት አይጠየቅም፣ በሦስት ወር በረራ። ቅድሚያ ይከፈላል፤ ከዚያ «ፕሮሰሱ ተጀምሯል» ይባላል። ሰንበት ብሎ የባዕድ አገር ማኅተም ያረፈበት ፒዲኤፍ በስልክ ይደርስና ቀሪው ክፍያ ይጠየቃል። ካፋ ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ለማንም አይሰወርም፤ ከጀንፈል፣ ከማር፣ ከእቁብ፣ ከተሸጠ በሬ ነው። ኤምባሲው ቪዛ ሲከለክል ደላላው «እኔ ፐርሚቱን አምጥቻለሁ፤ ቪዛው የራሱ ዕድል ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። የሚያበሽቀው ቤተሰቡም ይህንኑ መቀበሉ ነው። ጎረቤት «የልጁ ዕድል ጠማማ ነው» ይላል፤ ሻጩን የሚጠይቅ አይገኝም።

ባነሩ ላይ ያልተጻፈው ይህ ነው፦ በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ለሥራ ፈቃድ የሚያመለክተው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። በፖላንድ የተለመደውን ፈቃድ የሚጠይቀው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ማመልከቻውንም ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ያቀርባል። ፈቃዱ ላይ የአሠሪው ስም፣ የሥራው ዓይነትና ደመወዙ ይሰፍራል። ከሦስት ወር በላይ ለሚቆይ ፈቃድ የማመልከቻው ክፍያ ለዓመታት 100 ዝሎቲ ነበር፤ ከ25 ዩሮ ብዙም የማይርቅ። በጣሊያን አሠሪው፣ መንግሥት በሚያወጣው ኮታ ውስጥ፣ በተቆረጠለት ቀን፣ «ኑላ ኦስታ» የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። በጀርመን የፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ የሚመረምረው አሠሪው ያቀረበውን ቅጥር ነው። ታዲያ ቀጣሪህ ማን እንደሆነ ሳይነግርህ፣ ከቀጣሪው ጋር አንዴም ሳያገናኝህ «ፐርሚት ላውጣልህ» የሚል ሰው ምን እየሸጠልህ ነው?

መግቢያ የሚፈቅደው ተቀባዩ መሆኑ ለካፋ ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የቀድሞው የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር እስኪያዝ ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር የከለለ፣ መግቢያውንም በዘበኛ የሚያስጠብቅ አገር ነበር። ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ከበሩ ውስጥ ያለው ነበር።

የራሳችን ሕግም ቢሆን አልተደበቀም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። አዋጁ በ1246/2013 ተሻሽሏል፤ ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎችም በስፋት የሚሠሩት እንደ ሳውዲ አረቢያ፣ ዮርዳኖስና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ካሉ አገሮች ጋር በተፈረመ ስምምነት ነው። ስለዚህ የሥራ ፈቃድ ዋጋ ከገበሬ ኪስ መቀበል ገና ከአገር ሳይወጣ በኢትዮጵያ ሕግ ዘንድ ችግር ያለበት ነገር ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ባነር ግን አይቼ አላውቅም።

«የሄዱ አሉ እኮ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አሉ። ጣሊያን ከ2023 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለ452,000 የውጭ ሠራተኞች ኮታ አውጥታ ነበር፤ ኢትዮጵያም በስም ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ነበረች። በሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒ ራሳቸው ጉዳዩን ይዘው ወደ ፀረ ማፊያ ዓቃቤ ሕግ ሄደዋል። ካምፓኒያ በተባለው ክልል የማመልከቻው ብዛት ከአሠሪዎቹ ቁጥር ጋር ፈጽሞ አልገጠመም፤ ፈቃድ ካገኙት መካከል የሥራ ውል የፈረሙት ከመቶ ሦስት አይሞሉም። ለአንድ ጉዳይ እስከ 15,000 ዩሮ ይከፈል እንደነበርም ተናግረዋል። ማኅተሙ እውነተኛ፣ አሠሪው የውሸት ማለት ነው። እንዲህ ገብቶ አሠሪውን ያጣ ሰው ወረቀት አልባ ሆኖ ከሊቢያ በጀልባ ከመጣው ጎን ቲማቲም ይለቅማል። በፖላንድም በ2023 እ.ኤ.አ. ቪዛ በገንዘብ ተሸጧል የሚል ቅሌት ፈንድቶ አንድ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሥልጣን ወርደዋል። «የውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ደላላ ሁልጊዜ ይዋሻል አልልም። እውነቱን ሲናገር ደግሞ ይብሳል።

በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የሚመለሱ ዜጎቿን በመቀበል በቂ ትብብር አላሳየችም ብሎ የአጭር ጊዜ ቪዛን አጥብቋል፤ ለማመልከቻ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። በጉብኝት ቪዛ ገብተህ እዚያ ወደ ሥራ ፈቃድ ትለውጠዋለህ የሚለው ሌላው የደላላ ተስፋ በዚህ መሀል የባሰ ቀጥኗል።

«አገርህ ላይ ሥራ» የሚሉትን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ከእነሱ መካከል የራሳቸው ልጆች ውጭ ያሉት ስንቶቹ እንደሆኑ ከተማው ያውቃል።

ሕጋዊው መንገድስ የት አለ? ለአንዳንዱ አለ፤ ረጅምና አድካሚ ነው። እዚህ ቦንጋ፣ ገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ ጀርመን መቀጠር ቢፈልግ ዲፕሎማውን ማስመዘን፣ ጀርመንኛ በአብዛኛው እስከ ቢ2 ደረጃ መማር፣ ከዚያ የሚቀጥረው ሆስፒታል ማግኘት አለበት። ቋንቋውን የሚያስተምረው የጎተ ኢንስቲትዩት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ሳይዙ ፍለጋ የሚገቡበት «ቻንሰንካርተ» የሚባል ካርድ መጥቷል፤ እሱም ሙያ፣ ቋንቋና ለአንድ ዓመት መኖሪያ ከ13 ሺህ ዩሮ በላይ ማሳየትን ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ ቢያንስ በራስህ ስም ባንክ ይቀመጣል እንጂ ደላላ ኪስ አይገባም።

ሙያም ቋንቋም ለሌለው፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ላቆመው ልጅ ግን እውነተኛው መልስ «ዛሬ ለአንተ ወደ አውሮፓ የሚወስድ ሕጋዊ የሥራ መንገድ የለም ማለት ይቻላል» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ባለሥልጣን አልሰማሁም። «በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» ማለት ይቀላል፤ ተናጋሪው መካሪ ይመስላል፣ ወጣቱም ተስፋ ይዞ ይወጣል፣ ደላላውም ቢሮው ውስጥ ይጠብቀዋል።

ከጀርመን ጋር ያለን ወዳጅነት ደግሞ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ላይ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ለዓመታት ሠርቷል፤ የጫካ ቡናችንም እዚያ ይጠጣል። ከዚህ ወዳጅነት ላይ ለነርሶችና ለቴክኒክ ተማሪዎች የሚሆን የቋንቋ ክፍል ቦንጋ ላይ እንዲከፈት መጠየቅ ነውር የለበትም። እስከዚያው የዞኑ የሥራና ክህሎት ባለሙያዎች ባነሩን አውርደው በአማርኛና በካፊ ኖኖ ሌላ ይስቀሉ፦ የሥራ ፈቃድ የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ የሚከፍለውም እሱ ነው፤ ከእናንተ የጠየቀ ካለ ስሙን አምጡልን። ከዚያም የመጣላቸውን ስም ይዘው የሚያደርጉትን እናያለን።