ፋኖሱን አድንቆ ከሰል አክሳዩን መናቅ

የጥንት መስጂዶችን የብርጭቆ ፋኖስ ፎቶ እየለጠፉ «የኢስላም ሥልጣኔ!» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኩራታቸውን እንጋራለን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅና በሻም ከተሠሩት ፋኖሶች በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው የሱረቱ-ን-ኑር 35ኛው አያ ነው፤ ብርጭቆ የተጠቀሰበት።

ግን ብርጭቆ ከምን ይሠራል? ያኔ ከአሸዋና ከዕፅዋት አመድ ነበር፣ በእሳት። ከ2000 ዓመት በፊት በሻም ጠረፍ ብርጭቆን በቧንቧ መንፋት የጀመሩትም፣ ኋላ ፋኖሶቹን የሠሩትም እሳት ዳር የዋሉ፣ ጥላሸት የለበሱ ሰዎች ናቸው።

ቦንጋ ገበያ ከሰልና እንጨት ተሸክሞ የሚመጣው ማንጆስ? በከፋ ምድር ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይበላ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይጠጣ ተደርጓል። በከሰሉ ቡና ያፈላ ሰው ስኒውን ይነፍገዋል!

«ባህል ነው» ይሉናል። ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ሠሪ፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። የእጅ ሥራ ቢያዋርድ ነቢያት ባልሠሩት! ሙስሊም ሆነም አልሆነም ማንጆው የአደም ልጅ ነው፤ አላህ ዘንድ መበላለጫው ተቅዋ እንጂ ዘር አይደለም።

ስለዚህ ኢማሞቻችን በኹጥባ ይናገሩት፤ በሠርጋችንም በለቅሷችንም በአንድ ገበታ እንቅረብ። ከሰሉ ቤታችን ከገባ ባለቤቱም ይግባ።