«እሺ» ያለ ልጅ ሁሉ ተስማምቷል?

በቡና ለቀማ ሰሞን እዚሁ ሰኮሩ አንድ ጎረቤቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጠ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማል። «ለመጪው ዓመት ምን ልትመርጥ አሰብክ? የተፈጥሮ ሳይንስ ነው ማኅበራዊ?» አልኩት። የመለሱልኝ አባቱ ናቸው፦ «ሐኪም ነው የሚሆነው፤ እሱን ጨርሰናል።» ልጁ ቀና አላለም። እጁ ግን ቆመ፤ አንዲቱን ፍሬ በጣቶቹ መካከል ሲያሻሽ ቆየ።

አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው የሚያስተምሩት። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ልጅ የሚጎዳ ወላጅ ሲባል ቶሎ የሚመጡብን በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ለዘራችን የሚመጥን ባል ጠፋ ብለው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያለ ትዳር አስቀሯት። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ፊታውራሪን አማርሯል። የአፍቃሪዋን የበዛብህን ወላጆችስ ማን ወቀሰ? ድሆች ናቸው፣ ልጃቸውንም ይወዳሉ። በሕይወት እንዲቆይላቸው ብለው ነው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት። ሲያድግ ግን ያ ስለት እግር ብረት ሆነበት።

ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ በመለሱት «ሮሜዎና ዡልየት» ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ቦታ አለ። ዡልየት አሥራ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም። አባቷ ሊድሯት ቀን ቆርጠዋል፤ ተንበርክካ ብትለምን ከቤት አባርርሻለሁ አሏት፣ እናቷም ፊቷን አዞረችባት። በዚያው ቀን ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀችና «እሺ» አለች። አባት በደስታ ሰርጉን በአንድ ቀን አስቀደሙት! ልጅቱ በዚያች ሌሊት የሞተች የሚያስመስላትን መድኃኒት ልትጠጣ መወሰኗን በቤቱ ውስጥ ማን አወቀ?

እኛስ ስንቱን እሺታ እንዲህ አምነን ተቀብለናል? በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ 18 ዓመትና የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም አባቷን ፈርታ «ፈቅጃለሁ» ያለች ልጅ ፈቃዷ የማን ነው? ትምህርትም ላይ ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያልመረጠውን ተምሮ የወደቀ ልጅ ውጤቱን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ትናንት ሐሳቡን ያልሰማው ቤት ዛሬ ጭንቀቱን ይሰማዋል ብሎ እንዴት ይመን?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። ለእራቱ እውነት ይሆናል፤ ለሚኖረው ዕድሜ ግን ከሱ በቀር ማን ያቡካለት? በየቤታችን የቤት ጉዳይ የሚመከረው ቡና ላይ ነው። ሲኒ ያቀበለው ልጅ ወሬው ወደ እሱ ሲዞር ውጣ ይባላል። የትምህርት ዘርፍ ምርጫው ሳይደርስ አንድ ቀን እዚያው ይቀመጥ። ከአቦል እስከ በረካም የማንወደውን ቢናገር እንኳ ሳናቋርጠው እንስማው።