አስቀድሙ የተባለው ለመቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በግቢ ጉባኤ ስለ ንስሐና ስለ ቅዱስ ቁርባን ውይይት በተነሣ ቁጥር ከወጣቶች አንደበት የማይጠፋ መልስ አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልመረቅ» የሚል ነው። የተመረቀው ደግሞ «ሥራ ልያዝ» ይላል፤ ሥራ የያዘው «ትዳር ልመሥርት»፤ ያገባው «ልጆቼን ላድርስ»። በዚህ አካሄድ ለመቍረብ የሚተርፈው ዘመን ጉልበት የደከመበት፣ ዓይን የፈዘዘበት፣ ዓለምም ራስዋ የተወችን ዘመን ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «የእግዚአብሔርን መንግሥት አልፈልግም» ያለ አንድም ሰው የለም። ሁሉም «እፈልጋለሁ፤ ግን በኋላ» ነው ያለው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምግብና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ካስተማረ በኋላ መንግሥቱንና ጽድቁን አስቀድመን እንድንሻ አዝዞናል (ማቴ. 6፥25-33)። ትእዛዙ «ይህን ብቻ» አይልም። ምግብና ልብስ እንደሚያስፈልጉን የሰማዩ አባታችን እንደሚያውቅ እዚያው ላይ ነግሮናል። ስለዚህ ጥያቄው ዲግሪ፣ ሥራና ትዳር ያስፈልጋሉ ወይስ አያስፈልጉም የሚል ሳይሆን፣ የትኛው ይቅደም የሚል ነው። ይህን ቅደም ተከተል እኮ በየዕለቱ በአፋችን እንደግመዋለን! በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት የስሙን መቀደስ፣ የመንግሥቱን መምጣት፣ የፈቃዱን መፈጸም ከለመንን በኋላ ነው ወደ ዕለት እንጀራችን የምንደርሰው። በጸሎታችን አራተኛ የሆነው እንጀራ በኑሯችን አንደኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ጸሎታችንና ኑሯችን ተለያይተዋል ማለት ነው።

ወደ ታላቁ እራት የተጠሩት ሰዎች ያቀረቡትን ምክንያት እናስታውስ (ሉቃ. 14፥16-24)። አንዱ መሬት ገዝቶ ነበር፤ ሌላው አምስት ጥማድ በሬ፤ ሦስተኛው ሚስት አግብቶ ነበር። መሬት መግዛት፣ በሬ መፈተን፣ ማግባት፣ አንዳቸውም ኃጢአት አይደሉም። ከእራቱ ያስቀራቸው የተፈቀደ ነገር ነው። ለእኛም የሚያስፈራው ይህ ይመስለኛል። ስካርንና ዝሙትን የሚሸሽ መንፈሳዊ ወጣት፣ ንባቡንና ውጤቱን ምክንያት አድርጎ ከማዕዱ ሲርቅ ግን የራቀ አይመስለውም፤ ጎበዝ ተማሪ ተብሎ ይመሰገናልና።

የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይገርመኛል (1ኛ ነገ. 17፥8-16)። በረኃብ ዘመን በቤቷ የቀራት በማድጋ ያለ አንድ እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ያለ ጥቂት ዘይት ነበር። ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ሞትን ልትጠብቅ እንጨት ስትለቅም ነቢዩ ኤልያስ አገኛት። እርሱም ያላትን ሁሉ አልጠየቃትም፤ ለእርሷና ለልጇም እንድትጋግር ነግሯታል። የጠየቃት ፊተኛውን ነው፤ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ አስቀድማ እንድታመጣለት። የፈተናው ክብደት በእንጎቻው መጠን ላይ አልነበረም። «እኛ በልተን ከተረፈ» ብትል ኖሮ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። እኛስ ለእግዚአብሔር የምንሰጠውን ጊዜ ከምኑ ላይ ነው የምንቈርሰው? ብዙዎቻችን ከትርፉ ነው። ትርፉም አይገኝም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ቅደም ተከተሉን በእኛ ላይ አስቀድማ ሠርታዋለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። የእግዚአብሔርን መንግሥት የሚገባው ከውኃና ከመንፈስ የተወለደ ነውና (ዮሐ. 3፥5)፣ ፊደል ሳንቈጥር፣ አፍ ሳንፈታ የመንግሥቱ ዜጎች ሆነናል። ታዲያ ያን ጊዜ አንደኛ የነበረው ከፍ ስንል የመጨረሻ እንዲሆን ማን ወሰነ? እዚህ ላይ ወላጆችም ድርሻ አላቸው፤ ያከበርኳችሁ እናቶችና አባቶች ይቅር በሉኝ። ሕፃን ሳለ አዝላ ያቈረበችው እናት ልጇ ሃያ ዓመት ሞልቶት «ልቍረብ» ሲላት «ልጄ፣ ገና ወጣት ነህ፤ ትችለዋለህ?» ትለዋለች። የንስሐ አባትም በብዙ ቤት የሚታወቁት በለቅሶና በፍትሐት ጊዜ ነው።

«ቆርቤ ብወድቅስ?» የሚለው ፍርሃት ግን ሊናቅ አይገባውም። ቅዱስ ቁርባንን በድፍረት ከሚቀርበው ይልቅ የሚፈራው ይሻላል። ሆኖም ፍርሃቱ ወደ ንስሐ አባቱ የሚያቀርበው እንጂ ዐሥር ዓመት የሚያዘገየው ከሆነ ፈሪሃ እግዚአብሔር መሆኑ ያጠራጥራል። ንስሐ የተሠራው ለሚወድቅ ሰው ነው። ደግሞስ ሳይቈርብ የኖረው መቼ ሳይወድቅ ቀረ?

ከዚህ በተቃራኒ ያለውን ስሕተትም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እየተሰጠ ነው፤ በዚያ ሰሞን ስእለት የሚሳለውና ጠበል የሚጠጣው ተማሪ ጥቂት አይደለም። መማጸኑ መልካም ነው። ነገር ግን «መንግሥቱን ፈልግ፤ ሌላው ይጨመርልሃል» የሚለውን ተስፋ እንደ ንግድ ውል የያዘ ሰው፣ የሚፈልገው የሚጨመረውን ነው፤ መንግሥቱ ለእርሱ መሰላል ብቻ ናት። ውጤት ሲወጣ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ጌታ መንግሥቱን ከጽድቁ ጋር አብሮ መጥራቱን ደግሞ ልብ ይሏል። ወደ ፈተና ክፍል አማትቦ ገብቶ የሚኮርጅ ተማሪ ከመልሱና ከእውነት የቱን እንዳስቀደመ በዚያች ሰዓት ታይቷል። ጉባኤ ላይ እየዋለ ትምህርቱን የሚጥልም መንግሥቱን አስቀደመ አይባልም፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ያለው ሐዋርያው ነው (2ኛ ተሰ. 3፥10)። የሰንበት ትምህርት ቤት የደንብ ልብስም፣ ከበሮውም፣ የእኛ የዲያቆናቱ አገልግሎትም በንስሐ ፈንታ ሊቆም አይችልም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስና ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአቴና ተማሪዎች ነበሩ። አቴና የንግግርና የፍልስፍና ከተማ ነበረች፤ ጣዖቱም፣ ዘፈኑም፣ ግብዣውም ሞልቶባታል። ጎርጎርዮስ ያን ዘመን ሲያስታውስ የሚያውቋቸው መንገዶች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ ጽፏል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራን የሚወስደው ነው። ወደ ግብዣና ወደ ቴአትር የሚወስደውን ለፈላጊዎቹ ትተውታል። ሁለቱም በትምህርታቸው የታወቁ ሆኑ። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ዛሬም በባስልዮስ ስም ይጠራል። ተማሪዎች ሳሉ የጀመሩትን ለምርቃት ማግሥት አላቆዩትም።

የንስሐ አባት የሌለን ከአጥቢያችን ካህናት አንዱን በዚህ ሳምንት ቀርበን እንጠይቅ። ለትምህርት ከቤተሰብ የራቅንም ለነባሩ የንስሐ አባታችን ስልክ ደውለን በምንማርበት ከተማ እንዴት ንስሐ እንደምንገባና እንደምንቈርብ እንመካከር። ፈተናው እስኪያልፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።