ያልተጻፈው «ነገረኛ»

ከሽሮ ሜዳም ሆነ ከአዲሱ ገበያ ሰኞ ጧት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሰው መታወቂያውን ለማሳደስ፥ የቀበሌ ቤቱን ጣራ ለማስጠገን ወይም ስለ ይዞታው ለመጠየቅ ነው። ወረፋው ይረዝማል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ሦስተኛ ቀን ሲመላለስ ድምፁ ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ ከመስኮቱ ወዲያ አንዲት ቃል ትወለዳለች፤ «ይኸ ሰው ነገረኛ ነው።»

ቃሊቱ በዚያው መስኮት ብትቀር ብዙ ባልጎዳች። ነገር ግን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ባለጉዳዩ በሌላ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ ዘበኛው በር ላይ ያቆመዋል፤ ምክንያቱን ግን የሚነግረው የለም።

ለሠራተኛውም ማዘን ይገባል። እሱ ያላወጣውን መመሪያ ሲያስረዳ ይውላል፤ የበላዩ ባዘገየው ጉዳይ ስድቡን የሚቀበለው እሱ ነው። እጁን የሚያነሣ ባለጉዳይ መኖሩም አይካድም። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ሌላውን «ተጠንቀቅ» ቢለው ነውር የለበትም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፥ ከለንደን በስተ ምዕራብ በምትገኘው በስላው ከተማ፥ በ1997 ዓ.ም አንዲት ሴት አንድ ሰካራም የመናፈሻ አበባ ሲረግጥ አይታ ለከተማው ምክር ቤት አቤት አለች። ጉዳዩን የተቀበለችው ሠራተኛ ስላስቈጣቻት፥ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በመታኋት ነበር የሚል ቃል በደብዳቤዋ አሰፈረች። ምክር ቤቱም ለ18 ወር በኃይለኞች መዝገብ ላይ አሰፈራት፤ ከእርስዋ ጋር ምንም መገናኛ ለሌላቸው ክፍሎች ሳይቀር ስሟን አሠራጨ። በ2001 ዓ.ም 12,000 ፓውንድ ካሣ ተፈረደላት፤ በ2003 ዓ.ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ሴትዮዋን በእርግጥ ሊያገኙ የሚችሉትን ሠራተኞች ማስጠንቀቅ አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው ለማይመለከተው ሁሉ መበተኑ ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን ሴትዮዋ የረታችው የተጻፈ ነገር ስለነበረ መሆኑን ነው።

በእኛ ዘንድ ስም መለጠፍ እንግዳ አይደለም። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ሲገለሉ ኖረዋል! ይህ የጎረቤት አፍ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አፍ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ታላላቆቻችን አይተዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፥ ማለት ቀበሌዎች፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም «አናርኪስት» ያሉትን ሰው ለእስር፥ አልፎም ለሞት ይዳርጉ ነበር። የዛሬው ወረዳ የያን ጊዜው ቀበሌ አይደለም፤ ማነጻጸሩም ግፍ ይሆናል። ቢሆንም ብዙ አዛውንት በመስኮቱ ፊት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በጨዋነት ብቻ አይመስለኝም።

ሕግ አጣን ማለት አይቻልም። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና ስሕተቱን እንዲያሳርም መብት ሰጥቶታል። ዳሩ ግን «ነገረኛ» የሚለው ቃል በዶሴ ላይ የለም። ያልተጻፈውን ማን ያሳርማል? ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምስ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

ስለዚህ እንግዳ ቢመስልም የእኔ አሳብ ይጻፍ ነው። ሰውየው ያደረገው ነገርና ቀኑ ይመዝገብ፤ ያየው ሠራተኛ ይፈርምበት፤ ማስጠንቀቂያው መቼ እንደሚሰረዝ ይወሰን፤ ግልባጩም ለባለጉዳዩ ይሰጠው፥ ሐሰት ከሆነ አቤት ይበልበት። የሚፈርም ሰው ሲታጣ ብዙው ነገረኛ ባንድ ቀን ሰላማዊ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እስከዚያው ያ ባለጉዳይ ነገም ወረፋ ይይዛል። ዘበኛውም ያቆመዋል፤ ለምን እንደሚያቆመው ምናልባት እሱም አያውቀውም።