የሰማይ መንገድ በምድር ይጀመራል

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ ሥራው የተጀመረው በጥቂት አውሮፕላኖች ነበረ። ዛሬ ግን በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለመቀበል የበቃው የቦሌ ማረፊያ እንኳ ስለ ጠበበ፥ በጥር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ የአዲስ ማረፊያ ሥራ ተጀምሯል። ይኸውም በመጀመሪያው ክፍል 60 ሚሊዮን፥ በፍጻሜው 110 ሚሊዮን መንገደኛ በየዓመቱ እንዲያስተናግድ ታስቧል።

ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስትገኝ፥ አዲሱ ማረፊያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ከቦሌ ወደዚያ የሚወስድ ፈጣን ባቡር ቢታሰብም፥ የጉደርና የአምቦ፥ የጊንጪና የሆለታ ሰው ቦሌ ለመድረስ አስቀድሞ የተጨናነቀውን ዋና ከተማ ማቋረጥ አለበት። ሕመምተኛውና ነጋዴው በሰማይ ያተረፉትን ሰዓት በምድር ያጠፉታል።

ቤተ ክርስቲያን የሚያንጽ ሰው ደጀ ሰላሙን አይረሳም። እንደዚሁም ሥራው የተሰጣቸው ሹማምንት ከምዕራብ ሸዋ የሚመጣውን መንገድ ከሕንፃው እኩል ሊያስቡለት፥ ከተማውን ሳይነካ የሚያልፍበትንም መሥመር ከወዲሁ ሊወስኑ ይገባል። የማረፊያ ትልቅነት የሚመዘነው በሚቀበለው ሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ሳይደክም በመድረሱ ጭምር ነው።