ማሩ ዓመት ይቆይ

ጥቅምት 2018 ማብቂያ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ወሬ የኛን የሐዋሳ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አንጫጫው። ባይኸርት ከተባለ የሕፃናት ዱቄት ወተት ጋር በተያያዘ፣ ከ30 በላይ ሕፃናት ቦቱሊዝም በሚባል በሽታ ሆስፒታል ገቡ። ኩባንያውም ምርቱን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ። "የኛስ ወተት?" እያለ ሁሉም የየቤቱን ቆርቆሮ ፎቶ መለጠፍ ያዘ።

እኔን ግን ያስደነገጠኝ ቆርቆሮው አልነበረም። በዚያው ሰሞን የእህቴን የሁለት ወር ልጅ ልጠይቅ ስሄድ፣ አያታችን ማር በጣታቸው ጫፍ ይዘው ሊያልሷት ሲሉ ደረስኩ። "እማማ፣ ይቅርባት" አልኩ። "እናንተን በምን ያሳደግኩ መሰለህ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ማር የላሰ ሕፃን ሁሉ አይታመምም። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ አፈርና አቧራ ውስጥ ይኖራል። ሲከፋበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ልባስ ለብሶ ይተኛል፤ ኦክስጅን የሌለበት የተመቸ ቦታ ሲያገኝ ነቅቶ መርዝ ያመርታል። መርዙ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ያቋርጣል።

ስፖሩ ማር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እኛ ብንበላው አንጀታችን ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታ አይሰጡትም። የጨቅላ አንጀት ግን ገና ጠባቂ የሌለው ሜዳ ነው።

"ይሄ ንጹሕ ማር ነው፣ ስኳር የለበትም" ማለትም አያዋጣም። ስፖሩ በዓይን አይታይ፣ አይሸት፣ አይቀመስ። ማሩን ማፍላትም አያጠፋውም፤ የታሸገ ምግብ ፋብሪካዎች በግፊት እስከ 121 ዲግሪ የሚያሞቁት ለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። የጤና ባለሙያዎች "እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ" ሲሉ እንሰማለን፤ ስድስት ወር ሲሞላ ገንፎው ላይ ማር ጠብ እናደርጋለን። ለማር ግን ቀጠሮው 12 ወር ነው። እናትየዋ ብትበላ ችግር የለም፤ በጡት ወተት አያልፍም።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ በሆድ ድርቀት ይጀምራል። ከዚያ ጡት መጥባት ይደክማል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ አንገት ይልፈሰፈሳል። በሽታው መተንፈሻ ጡንቻ ላይ ከደረሰ ሕይወት ያሳጣል። ይህን ካያችሁ "ነገ ይሻለዋል" አትበሉ፣ ሐኪም ቤት ሩጡ። ማር ልሶ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ካልጠረጠረ በሽታው ከሌላ ነገር ጋር ይምታታል።

ለሕፃናት የሚሰጠው ልዩ መድኃኒት የሚገኘው በካሊፎርኒያ ግዛት የጤና መምሪያ በኩል ሲሆን፣ ዋጋው ለአንድ ታማሚ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። መከላከያው ግን አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ ጣትን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሩቁን ቆርቆሮ ፎቶ ሼር ስናደርግ፣ የጓዳችንንም ማሰሮ እንይ። እማማን ያሳመናቸው ደግሞ የኔ ሳይንስ አይደለም። "ይከለከላት አላልኩም እማማ፣ ለልደቷ ይቀመጥላት" ስላቸው ሳቁና ክዳኑን ገጠሙት።