ቴሌስኮፑን እንግዛ ወይስ በእጃችን እንሥራ?

ጀመዓችን ቴሌስኮፕ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ከተነሳ ወዲህ በየዶርሙ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው “መዋጮውን አጠራቅመን፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈልገን፣ ያለቀለትን እናስመጣ” ይላል። ሁለተኛው “ከእንጨትና ከመስታወት ራሳችን እንሥራው” ይላል። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። ምክንያታችንን እዚህ እናቀርባለን፤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።

በኤግዚቢሽን ሰሞን ግድግዳ ላይ የምንለጥፋቸውን ስሞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ ጋላክሲ የምንላትን “ትንሽ ደመና” አድርጎ መዝግቧታል። ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃንና ስለ እይታ ጽፏል። አል-ዒጅሊያ የተባለች ሴት በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሐለቡ ገዢ በሰይፈድደውላ ዘንድ አስጡርላብ ትሠራ ነበር። ደበራን፣ ሪጅል፣ ዘነብ፤ ቁርኣን ቤት ዐረብኛ የቀመሰ ሁሉ የሚገባው ስም ዛሬም በዓለም የኮከብ ካርታ ላይ አለ።

ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ግን ፖስተሩን ጠቅልለን ቁም ሳጥን ውስጥ ካስገባን በኋላ ምን ይቀረናል? እነዚያ ሰዎች የተከበሩት ቀደምቶቻቸው ያወቁትን በመቁጠር አይደለም። አስ-ሱፊ የበጥሊሞስን የኮከብ መዝገብ ተቀብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ ሰማዩን ራሱ እያየ የከዋክብቱን ድምቀት አስተካከለ። ኢብኑል ሀይሠም ከትልቁ መጽሐፉ ሌላ፣ ብርሃንን ወደ አንድ ነጥብ ስለሚሰበስቡ ጎድጓዳ መስታወቶች ለብቻው ጽፏል። የአል-ዒጅሊያም ሥራ ነሐስ መቁረጥና መቅረጽ የሚጠይቅ የእጅ ሙያ ነበር። የምንኮራበት ቅርስ የእጅና የዓይን ቅርስ ነው። በስም ብቻ ይዘነው ከቀረን ወረስነው ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ልንሠራው ያሰብነው ቴሌስኮፕ ልቡ ከላይ ያነሳነው ጎድጓዳ መስታወት ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የመጀመሪያውን የመስታወት ቴሌስኮፕ ሲሠራ የተጠቀመበት አሠራር ዛሬም አልተለወጠም። ብርሃን በቱቦው ገብቶ ታች ያለውን ጎድጓዳ መስታወት ይመታል፤ ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ በ45 ዲግሪ የተጋደመ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ወደ ጎን ያወጣዋል፤ እዚያ በዓይን ሌንስ እናየዋለን።

ይህን ዕቃ ከባለሀብት እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው ካደረሱት መካከል ጆን ዶብሰን አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤጂንግ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ ኬሚስትሪ የተማረ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የቬዳንታ ገዳም ለዓመታት በምንኩስና የኖረ ሰው ነው። ገንዘብ ስላልነበረው ከመርከብ መስኮት የወጣ ወፍራም ብርጭቆ እየሞረደ መስታወት ሠራ፤ ቱቦውን ከካርቶን፣ ማስቀመጫውን ከኮምፔርሳቶ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከገዳሙ ከወጣ በኋላ ቴሌስኮፑን እግረኛ መንገድ ላይ እያቆመ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን በነፃ ያሳይ ነበር። የፈጠራ መብት አላስመዘገበም። ዛሬ በየአገሩ ያሉ አማተሮች የሚሠሩት የእንጨት ቴሌስኮፕ በስሙ ይጠራል።

የእኛ ዕቅድ መስታወቱ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1,200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው እንዲሆን ነው። ይህን ልክ የመረጥነው በዘፈቀደ አይደለም። አጭርና ሰፊ የሆነ መስታወት ፓራቦላ ቅርጽ ካልያዘ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በእኛ ልክ ግን የኳስ ቁራጭ የመሰለ ቅርጽ ራሱ ይበቃል፤ ይህም ለጀማሪ እጅ የሚቻል ነው። ከዓይናችን ብሌን ጋር ሲነጻጸር ከ400 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 48 እጥፍ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 120 እጥፍ ያጎላል። የጨረቃን ጉድጓዶች፣ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎችና የሳተርንን ቀለበት ለማየት ከበቂ በላይ ነው።

የእንጨቱ ሥራ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። አራት የኮምፔርሳቶ ጣውላዎች በኮላና በብሎን ተያይዘው ረዥም ሣጥን ይሆናሉ፤ ቱቦው ይኸው ነው። ውስጡ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ አንጸባራቂ ያልሆነ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ሣጥኑ በሁለት ጎኑ ክብ እንጨት ይገጠምለትና ከታች ባለው ማስቀመጫ ላይ እንደ መድፍ ይጋደማል። እንጨት በእንጨት ላይ እንዳይነክስ መሐሉ ላይ ትናንሽ የቴፍሎን ቁራጮች ይገባሉ፤ በእነሱ ላይ የሚንሸራተተው ገጽ ፎርሚካ ይለበጣል። ያኔ በአንድ ጣት ሲገፉት ይዞራል፤ ሲለቁት ባለበት ይቆማል። ይህን ሁሉ ከግቢያችን ውጭ ያለ ማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ይችለዋል፤ እኛም አጠገቡ ቆመን መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት መያዝ እንማራለን።

ከባዱ መስታወቱ ነው፤ ይህን አንደብቅም። ሁለት እኩል ክብ ወፍራም ብርጭቆዎች አንዱ በሌላው ላይ ይደረጉና በመካከላቸው ውኃና የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ይገባል። የላይኛውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ፣ ቀስ በቀስ እያዞሩ መሞረድ ነው። የላይኛው እየጎደጎደ፣ የታችኛው እየጎበጠ ይሄዳል። ከሻካራ ዱቄት ወደ ደቃቅ እየተሸጋገሩ ከሞረዱ በኋላ፣ ሬንጅ በሚመስል ሙጫ ላይ በሴሪየም ኦክሳይድ ይወለወላል። በመጨረሻ መሐሉ ላይ የሚኖረው ጉድጓድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የገጹ ስሕተት ግን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺኛ ማነስ አለበት። ይህን የሚለካ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ያገኘው ዘዴ የሚጠይቀው አንድ ትንሽ መብራትና አንድ ምላጭ ብቻ ነው።

መስታወቱን በብር መለበጥ ለኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ የቶለንስ ሙከራ ብለው የሚያውቁት ነው። ሲልቨር ናይትሬት፣ አሞኒያና ግሉኮስ ናቸው የሚያስፈልጉት። ሆኖም የተረፈው ድብልቅ ካደረ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ስለሚፈጥር ዶርም ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ መምህር ባለበት ተሠርቶ ትርፉ ወዲያው መወገድ አለበት። ብሩ ጊዜ ሲቆይ ይጠቁራል፤ ያኔ ታጥቦ እንደገና ይለበጣል። የዓይን ሌንሱን ግን መግዛት ይኖርብናል። ሁሉንም በራሳችን እናድርግ የሚል ግትርነት የለንም።

“ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የተገዛው ይሻላል” የሚሉን አሉ። ምናልባት ምስሉ ይሻል ይሆናል። ነገር ግን የተገዛው ሲበላሽ የሚጠግነው የለም፤ ስለዚህ “እንዳይነካ” ተብሎ ይቆለፍበታል። በየላቦራቶሪው ካርቶኑ ውስጥ የሚያረጁ መሣሪያዎችን አላየንም እንዴ? በእጃችን የሠራነውን እንፈታዋለን፣ እናጸዳዋለን፣ ለሚቀጥለው ባች አሠራሩን ጭምር እናወርሰዋለን። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ አገራችን አላት፤ እሰየው ነው። ለአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን በየምሽቱ የሚነካው የራሱ ያስፈልገዋል።

“ትምህርት ያስተጓጉላል” የሚሉም አሉ። ሳምንት ውስጥ የሁለት ሰዓት ፈረቃ ብንይዝ ለሁላችንም ይበቃል፤ ደግሞም ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪውና ጂኦሜትሪው ከክፍል የሚመጣ ነው።

ስለ ሂላልም እንናገር። በረመዳንና በዒድ መግቢያ ክርክር እንደሚነሳ የታወቀ ነው። በቴሌስኮፕ ማየት ያበቃል ወይስ አያበቃም የሚለው የፊቅህ ጉዳይ ስለሆነ ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ በ7 ዲግሪ ገደማ ካልራቀች ቅስቷ ራሱ አይፈጠርም፤ ከ15 ሰዓት ያነሰ ዕድሜ ያላት ሂላል በባዶ ዓይን የታየችበት አጋጣሚም እጅግ ጥቂት ነው። ይህን በወሬ ከመስማት ይልቅ ስድስት ወር ሙሉ በየወሩ መግቢያ ምዕራብን አሻግሮ የፈለጋት ሰው፣ “አየሁ” እና “አላየሁም” የሚሉትን ሁለቱንም በትዕግሥት ይሰማል። ነገር ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፑን ወደዚያ የሚያዞር አይኑር፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ብዙዎቻችን ሰማዩን ከማያውቅ ቤት አልመጣንም። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ የዘመን አቆጣጠራቸውን በቃላቸው ይይዛሉ። ከብት ሲጠብቅ በኮከብ ሰዓት የለየ ወንድም፣ ሌሊት ውኃ ስትቀዳ የንጋት ኮከብን የምታውቅ እህት በየዶርማችን አሉ። እዚህ ስንደርስ ያ እውቀት የማይጠቅም መስሎን ደብቀነዋል። ከአገራችን የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም ይታያሉ፤ ይህ ብዙ አገር የሌለው ዕድል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። መዋጮው ለብርጭቆ፣ ለዱቄት፣ ለኮምፔርሳቶና ለሁለት የዓይን ሌንስ ይዋል። የእህቶችና የወንድሞች ፈረቃ እኩል ይመደብ። ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ክፍል አንድ አንድ መምህር እንዲረዱን በደብዳቤ እንጠይቅ። ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ቴሌስኮፑ ከመስጂዱ ግቢ ወጥቶ ካፌው ፊት ለፊት ይቁም፤ ሙስሊም የሆነውም ያልሆነውም፣ የጥበቃ አባቶችና የካፌ እናቶችም ተሰልፈው ይዩበት። ስማቸውን ለመመዝገብ የሚፈልጉ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የትምህርት ክፍሉን ተጠሪዎች ያነጋግሩ።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።